የሰማያዊው ምስክር

በሰንደቅ ዓላማ ጽሕፈት ቤት ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በዓመት ሁለት ቃል ተናግራ ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ የምትወስድ ሴት ነበረች። ሁለቱ ቃላት «ይሄ ነው» የሚሉ ናቸው። የምትናገራቸው በዓመት አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነው። በቀሩት ቀናት በሩ ላይ «የቀለም ምስክር» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈበት ክፍሏ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። እሱም ጥቁርና ነጭ ሹራብ ብቻ ነው፤ ዓይኔ በሌላ ቀለም ይበላሽብኛል ትላለች። የመሥሪያ ቤቱ ምላሰኞች «አፏ በዓመት አንዴ፣ እጇ በየወሩ ይከፈታል» እያሉ ያሟታል። ፊት ለፊቷ ግን ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላት። እሷ አንድ ቀን «ይሄ አይደለም» ብትል የአገሩ ባንዲራ በሙሉ ከተሰቀለበት እንደሚወርድ ያውቃሉና።

ዕድሜዋ ስድሳ ስድስት ነው። ጡረታ ከጠየቀች ስድስት ዓመት አልፏታል። ማመልከቻዋ ሁልጊዜ «ተተኪ ሲገኝ ይታያል» ተብሎ ይመለሳል፤ ተተኪ ደግሞ አይገኝም። ለቦታው የሚጠየቀው ችሎታ አንድ ብቻ ነው፤ ከሃምሳ ስምንት ዓመት በፊት፣ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ቆሞ መገኘት።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ያቺን ጠዋት ልንገራችሁ። አገሩ አዲስ ባንዲራ የሚሰቅልበት ቀን ተቆርጦ ነበር። አራት ቀን ሲቀረው ባንዲራው ገና ወረቀት ላይ ነበር። ወረቀቱ ላይ ሰባት ቀለም፣ ሁለት ዘለላ እህል፣ አንድ ጥርስ ያለው የፋብሪካ መዘውርና አንዲት ወፍ ነበሩበት። አዋቂ የተባሉት ሰዎች ዘጠኝ ወር ሙሉ የተጨቃጨቁት ወፏ ወደ ቀኝ ትይ ወይስ ወደ ግራ በሚለው ነው። ወደ ግራ ካየች ጎረቤት አገር ላይ ዓይኗን የጣለች ትመስላለች አሉ ግማሾቹ፤ ወደ ቀኝ ካየች ጥላን ልትሄድ ነው አሉ ግማሾቹ። ወፏ ወዴትም ሳታይ ቀኑ ደረሰና ወረቀቱን ይዘው ወደ አንድ ጨርቅ ነካሪ ቤት ሮጡ።

ነካሪው የእትዬ አባት ነበር። ወረቀቱን አገላብጦ አየና እጁ ላይ ያለው አንድ በርሜል ሰማያዊ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ለሆስፒታል መጋረጃ የተበጠበጠ መሆኑን ነገራቸው። ስድስቱ ቀለማት እዚያው ቀሩ። ስለ ወፏ ሲጠይቁት ወፍ እንደማይችል፣ ክብ ከሆነ ግን እንደማይቸግረው ተናገረ። ከሚስቱ ወጥ ቤት ሁለት እኩል የድስት ክዳን አምጥቶ ጨርቁን ከላይና ከታች አጣበቀና ቀለሙ እንዳይገባበት በብሎን ጠረቀመው። ከዚያ ነከረው። ሲያወጣው ጨርቁ ረጅም ስለነበረ አንዱን ጫፍ የስምንት ዓመት ልጁ ያዘችለት። ክዳኖቹ ሲፈቱ ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ክብ ብቅ አለ። ባንዲራው እንዲህ ተወለደ፤ እናቷም ሳምንቱን ሙሉ ድስት ሳትከድን አበሰለች።

መንግሥት ያሳተመው መጽሐፍ ሌላ ይላል። ሰማያዊው መሥራቾቹ ቀና ብለው ያዩት የቀትር ሰማይ ነው፤ ነጩ ክብ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው አንድነታችን ነው ይላል። እርግጥ የድስት ክዳንም መጀመሪያና መጨረሻ የለውም፤ ስለዚህ መጽሐፉ ዋሽቷል ማለት አይቻልም።

ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ነካሪው ቀለም የሚለካው በጭልፋና በግምት ስለነበር የበጠበጠውን አልጻፈም። የመጀመሪያውን ባንዲራ ንፋስ ቀዳደደው። ለናሙና ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን ቁራጭ አይጥ በላው። ሕግ አውጪዎቹ ነካሪውን ጠርተው «ቀለሙ የትኛው ሰማያዊ ነው?» ሲሉት «ሳየው አውቀዋለሁ» አላቸው። ሌላ ዘጠኝ ወር የመጨቃጨቅ አቅም ስላልነበራቸው እሱን ራሱን ሕግ አደረጉት። «የሰንደቅ ዓላማው ሰማያዊ፣ ምስክሩ በዚያች ጠዋት ባየበት ዓይኑ አይቶ ‹ይሄ ነው› ያለው ሰማያዊ ነው» ብለው ጻፉና ተነሥተው ሄዱ።

አባቷ ሲሞት እሷ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር። አልጋው ላይ ሆኖ እጇን ያዘና «ቀለሟን አደራ» አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም። ስለ ቤቱ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ በርሜሎቹ አንድም ነገር አልተናገረም። አደራ ደግሞ ከባድ ነገር ነው፤ ተበዳሪ ቢክድ ይከሰሳል፣ አደራ የበላ ግን ስሙ ራሱ «አደራ በላ» ሆኖ ይቀራል። እሷም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አርባ አንድ ዓመት ያንን ሰማያዊ እንደ ጽላት ጠበቀችው። ትዳር ያዘች፣ ሴት ልጅ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች፤ በዚህ ሁሉ መሀል ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ አታውቅም።

የማረጋገጫው ቀን ሥርዓት አለው። መስኮቱ ሰፊ የሆነ ክፍል ውስጥ ነጭ ጠረጴዛ ይዘጋጃል፤ ጠረጴዛው ላይ ግራጫ ጨርቅ ይነጠፍና ከማቅለሚያ ፋብሪካው የመጡ ሦስት ቁራጮች ይደረደራሉ። የማረጋገጫው ጉባኤ ሰብሳቢ አለ። ትርጉም ጸሐፊው አለ፤ ተርጓሚው ነው የሚሉት፣ መጽሐፉን በየጊዜው የሚያድስ ሰው ነው። ቀለም የሚለካ መሣሪያ የያዘ መላጣ ባለሙያም አለ፤ ሁሉን ነገር በቁጥር ስለሚናገር ቁጥሬ ይሉታል። እሷ ትገባለች፣ ቁራጮቹን ታያለች፣ አንዱ ላይ ጣቷን ታሳርፋለች። «ይሄ ነው» ስትል ሁሉም ይፈርማል፤ ፋብሪካውም ለዓመቱ የሚሆነውን ባንዲራ በዚያ ቀለም ያቀልማል።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ከሁለቱ ቃላት ሌላ መጨመር ጀመረች። ቁራጮቹን አየችና «ደብዝዟል፤ ትንሽ አድምቁት» አለች። አደመቁት። በዓመቱም ደብዝዞ አገኘችው። ቀለም ነካሪዎቹን ዘመን አበላሻቸው ብላ እያዘነች በየዓመቱ አስደመቀች፤ ነካሪዎቹም ሕጉ እሷ ናትና በየዓመቱ ቀይ የተቀላቀለበት ማድመቂያ አንድ አንድ ማንኪያ ጨመሩ።

ይህን ያወቀው ቁጥሬ ብቻ ነበር። መሣሪያው በየዓመቱ የተለየ ቁጥር ስለሚያሳየው ሰማያዊው እየሸሸ ነው ብሎ ሪፖርት ጻፈ። መሣሪያው ተበላሽቷል ተባለና ወደ ጥገና ተላከ። በሁለተኛው ዓመትም ጻፈ፤ አሁንም ተላከ። በሦስተኛው ዓመት መሣሪያው በእትዬ ዓይን ልክ እንዲስተካከል ደብዳቤ ወጣ። ቁጥሬ ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ መሣሪያውን በየዓመቱ በእሷ ዓይን ልክ እያስተካከለ መኖር ጀመረ።

ተርጓሚው ግን ጎበዝ ነበር። ስለ ቀለሙ መለወጥ አንድም ቀን ሳይናገር መጽሐፉን ብቻ ያድሳል። የቀትሩ ሰማይ በአንዱ እትም ጥልቅ ባሕር ሆነ። በሌላው እትም ሠራተኛው ደክሞ ወደ ቤቱ ሲገባ የሚያየው የምሽት ሰማይ ሆነ። የመጨረሻው እትም ላይ «የበሰለ የወይን ዘለላ፣ የድካማችን ፍሬ» የሚል ገብቷል። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። አንድ አስተማሪ ባሕር በሌለበት አገር የባሕሩ ነገር እንዴት ነው ብሎ በደብዳቤ ቢጠይቀው፣ ትርጉም እየጠለቀ ሲሄድ ባሕር መድረሱ አይቀርም ብሎ መለሰለት።

በመጨረሻ ነገሩን ያወጣው ኮት መስቀያ ነው። አንድ ቀን እትዬ በኮሪደሩ ስታልፍ ቆም ብላ ለኮት መስቀያው ሰላምታ ሰጠችው፤ ስለ ልጆቹም ጠየቀችው። ሴት ልጇ ይህን ከሰው አፍ ሰምታ እየጎተተች የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሟ በብርሃን አየቻትና ሁለቱም ዓይኗ ላይ ሞራ እንዳለ፣ ሥር ከሰደደም አሥር ዓመት ሳይሞላው እንደማይቀር ነገረቻት። ዓለምን የምታይው ሻይ በነካው ብርጭቆ ውስጥ ነው እንደ ማለት ነው አለቻት። ቀኙ በዚያው ሳምንት ተሠራ፤ ለግራው ከስድስት ሳምንት በኋላ ቀጠሮ ተያዘ።

ፋሻው በተነሣበት ጠዋት የሐኪሟ ጋዋን ነጭነት አስደነገጣት። ለካ ነጭ እንዲህ ኖሯል። ልጇ ክንዷን ይዛ ወደ ሆስፒታሉ በር ስትወስዳት አጥሩ ላይ የተሰቀለውን ባንዲራ አየችና ቆመች።

«የየት አገር ባንዲራ ነው?» አለች።

«የኛ ነዋ፣ እማዬ» አለች ልጇ።

«የኛ ሰማያዊ ነው።»

«ይሄም ሰማያዊ ነው። እንዲህ ያለ ሰማያዊ።»

ወይን ጠጅ ነበር። ክቡን ካልቆጠሩት ከላይ እስከ ታች ወይን ጠጅ። ቀኝ ዓይኗን በእጇ ከደነችው፤ በግራው ስታየው የአባቷ ሰማያዊ ሆነ። ግራውን ከደነች፤ ወይን ጠጅ ሆነ። በር ላይ ቆማ እያፈራረቀች ስትከድን ስትገልጥ ዘበኛው ልጇን በምልክት ጠየቃት፤ ልጇም አሁን ነው የተሠራችው አለችው። እትዬ የገባት እዚያው ነው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የተባለው ለእሷ ሆነ። ደብዝዟል ስትል የኖረችው ዓይኗ እንጂ ቀለሙ አልነበረም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የአባቷን ሰማያዊ በማንኪያ በማንኪያ አባረረችው።

«አደራ በላ ሆንኩ» አለች ታክሲ ውስጥ።

ልጇ አደራውን የበላው የዓይን ሞራ ነው እያለች አጽናናቻት። ጭራሽ አልሰማቻትም። እሷ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ሰማያዊ በዓይኑ ያየ በሕይወት ያለ ሰው እሷ ብቻ ናት፤ ሳትሞት ወደ ባንዲራው ካልመለሰችው ማንም አይመልሰውም።

በማግስቱ ሰብሳቢው ቢሮ ገብታ ሁሉን ነገረችው። ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነው፤ እስክትጨርስ አላቋረጣትም። ከዚያ ሕጉን ከመሳቢያ አውጥቶ «በዚያች ጠዋት ባየበት ዓይኑ አይቶ» የሚለውን በጣቱ አሳያት።

«ይህ ቀኝ ዓይንዎ በዚያች ጠዋት ነበረ?» አላት።

«ዓይኔ ነው እኮ።»

«ሌንሱ የት ነው የተሠራው?»

ዓይኗ ውስጥ የገባው አዲሱ ሌንስ ከውጭ አገር እንደመጣ ሐኪሟ ነግራት ነበርና ያንኑ ነገረችው። ሰብሳቢው የውጭ አገር ሌንስ የአገርን ባንዲራ ቀለም ሊወስን እንደማይችል፣ ለእሷ ካለው አክብሮት የተነሣ ይህን ለማንም እንደማይናገር ገለጸላት። በዚያው ቀን ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ከምስክሯ ቀኝ ዓይን የወጣው አሮጌው ሌንስ የመሥሪያ ቤቱ የሥራ መሣሪያ ስለሆነ ታሽጎ እንዲመለስ የሚል ነው። ሆስፒታሉ ሌንሱ እዚያው ዓይን ውስጥ ተፈጭቶ በቱቦ ተመጥጦ መውጣቱን አሳወቀ። ቱቦው የት እንዳለ የሚጠይቅ ሁለተኛ ደብዳቤ ተጻፈ። ለሱ መልስ አልመጣም።

ስለዚህ የቀረው ግራው ዓይን ነው። በሦስተኛው ቀን የንብረት ክፍል ኃላፊው ወረቀት ይዞ ክፍሏ መጣ፤ ግራ ዓይኗ ከዛሬ ጀምሮ በቋሚ ንብረት መዝገብ መግባቱን፣ ያለ ፈቃድ መጠገንም ሆነ ከመሥሪያ ቤቱ ማስወጣት እንደማይቻል አነበበላት። ከግቢ ስወጣ ዘግቼው ልሂድ ወይ ብላ ጠየቀችው። ይህን መመሪያው አይገልጽም አላት። የንብረት ቁጥር የተጻፈበት ተለጣፊ ነበረው፤ ሲያይ ሲያይ ቆይቶ ዓይን ላይ መለጠፍ ሳይሆንለት ቀረና የመነጽሯ ክፈፍ ላይ በግራ በኩል ለጠፈው። ወዲያው አስፈረማት።

ቤት ስትገባ ልጇ ተለጣፊውን አይታ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ደሟ ፈላ። ለሐኪሟ ደውላ የግራውን ቀጠሮ አስቀረበችው። እትዬ ግን ሁለት ቀን አመነታች፤ ምክንያቷም ፍርሃት አልነበረም። በግራ ዓይኗ ስታይ ባንዲራው ገና የአባቷ ነበር። ያንን ዓይን ካሠራች የአባቷ ሰማያዊ በዓለም ላይ የትም አይታይም፤ እሷ ካልመለሰችው በቀር። በሦስተኛው ቀን «እመልሰዋለሁ፤ ሳየው አውቀዋለሁ» አለችና ሄዳ ተሠራች።

ከዚያ ወደ መሥሪያ ቤት የተመለሰችው ያለ መነጽር ነው። መነጽሩን ከነተለጣፊው ለንብረት ክፍል ኃላፊው ሰጠችና ንብረቱን አስረክቤያለሁ አለችው። ሰውዬው ደረሰኝ ቆርጦ ሰጣት፤ እስከ ዛሬም መነጽሩ «ዓይን፣ ግራ፣ አንድ» ተብሎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል ይባላል።

ሰብሳቢው ሲሰማ ፊቱ ነጣ። የማረጋገጫው ቀን ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቷል፤ ፋብሪካው ጨርቁን ዘርግቶ ቃሏን ይጠብቃል፤ በሕጉ የሚፈለገው ዓይን ደግሞ በዓለም ላይ የለም። የደረሰለት ተርጓሚው ነው። አንድ ገጽ ተኩል ጽፎ አመጣ። ሕጉ «ዓይን» ሲል ሥጋውን ማለቱ አይደለም፣ ያየውን ይዞ የሚያስቀረውን ልብ ማለቱ ነው፣ ልብ ደግሞ አልተቀየረም የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር ተርጓሚው በሕይወቱ ከጻፈው ሁሉ የሚረባው ይኸው ነበር። ሰብሳቢው ሦስት ጊዜ አንብቦ ፈረመበት።

እትዬም ቅድመ ሁኔታ አቀረበች። ሦስት ቁራጭ አይበቃኝም፣ ከፈዛዛው ሰማያዊ እስከ አሁኑ ወይን ጠጅ ያለው ሁሉ ይደርደርልኝ አለች። ቁጥሬን ክፍሏ ጠርታ ለብቻው ይቅርታ ጠየቀችው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ትክክል የነበርከው አንተ ነህ አለችው። መላጣው ላብ በላብ ሆነ። ከመጀመሪያዎቹ ሪፖርቶቹ ጀምሮ ያለውን ቁጥር ሁሉ አውጥቶ፣ መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ለነበረው ደግሞ በግምት ወደ ኋላ እየቆጠረ፣ አሥራ ሁለት ቁራጭ አስነከረላት። ከነዚህ አንዱ እንደሚሆን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነገራት። እነዚያን አሥር ቀናት እትዬ እንደ ሙሽራ ነው የቆየችው። ለልጇ ስለ አባቷ ስታወራ ታመሽ ነበር፤ ልጇ ሰምታው የማታውቀው ወሬ ሁሉ ከአፏ ወጣ፣ ሳቋም እንደ ልጅነቷ ሆነ።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋቱ ብሩህ ነበር፤ ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ ግራጫው ጨርቅ ላይ ተኝቷል። አሥራ ሁለቱ ቁራጮች ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድረዋል፤ የመጀመሪያው ውሃ የመሰለ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ የመጨረሻው ዛሬ በየምሰሶው ያለው ወይን ጠጅ። ተርጓሚው ለሁሉም እንዲሆነው ሁለት ዓይነት መግቢያ ጽፎ በሁለት ኪሱ ይዟል። ቁጥሬ መሣሪያውን አጥፍቶት ነበር። ልጇ ኮሪደሩ ላይ ቀርታለች።

እትዬ ጠረጴዛው ጋ ቀረበች። ከአንደኛው ጀምራ ቀስ ብላ አየች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አባቷን መሰላት። አራተኛውን አየች፤ እሱም አባቷን መሰላት። አምስተኛው ከአራተኛው ይልቅ የመሰላት ሆነ፤ ተመልሳ ሦስተኛውን ስታየው ደግሞ እሱ በለጠ። እጇን አነሳች፤ የት እንደምታሳርፈው አጣች። ዓይኗን ጨፍና የግቢውን ጠዋት ልታመጣው ሞከረች። አባቷ መጣ፣ እጅጌው የተጠቀለለ፣ ክንዱ እስከ ክርኑ የተነከረ። የጨርቁ ክብደት መጣ። የእናቷ ድምፅ መጣ። ቀለሙ ግን አልመጣም። በዚያ ቦታ አንድ ሰማያዊ ነገር አለ፤ ዓይኗን ስትገልጥ የምታየውን ቁራጭ ሁሉ እየሆነ ይጠብቃታል።

አርባ አንድ ዓመት ሳየው አውቀዋለሁ ብላለች። አባቷም እንደዚያው ብሎ ነበር። እሱስ ያውቀው ነበር ወይስ ጠያቂዎቹን ለመሸኘት ነው ያለው? ይህን የምትጠይቀው ሰው የለም።

«እትዬ» አለ ሰብሳቢው በቀስታ፣ «ቁጥሩን ብቻ ይንገሩን።»

«አላውቀውም» አለች።

ሰብሳቢው ከየትኛው እስከ የትኛው ያለውን ነው የማያውቁት ብሎ ጠየቀ፤ ለቃለ ጉባኤው ይሆነኛል ብሎ ነው። ከአንድ እስከ አሥራ አንድ አለችው። ተርጓሚው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ የፈለገችው ላይ ጣቷን ብታሳርፍ የሷ ቃል ሕግ ስለሆነ ትክክል እንደሚሆን፣ የቀረውን እሱ እንደሚጽፈው ሹክ አላት። ልክ ነበር። ሦስተኛውን ብትለው የአባቷ ሰማያዊ ሦስተኛው ይሆናል፤ አምስተኛውን ብትል አምስተኛው። በሚቀጥለው ወር ባንዲራው ይሰቀላል፣ ልጆች ይዘምሩለታል፣ እሷም አደራዋን መለሰች ተብላ ትሞታለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ውሸት ነው የሚላት አንድም ሰው አልነበረም።

አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አልገደደም። አባቷ ከሞተ አርባ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ሲቀበር እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም፤ ሰማያዊው እሷ ዘንድ ስላለ ያን ያህል የሄደ አይመስላትም ነበርና። ሰብሳቢው ተነሥቶ መሐረብ ሰጣት፤ ቁጥሬ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ስትጨርስ ዓይኖቿን በጥንቃቄ አበሰች፤ ሐኪሟ እንዳታሺ ብላት ነበር። ከዚያ ጣቷን መጨረሻው ላይ፣ ወይን ጠጁ ላይ አሳረፈች።

«ይሄን አውቀዋለሁ» አለች። «አባቴ አላየውም። ሰማይም አይደለም፣ ባሕርም አይደለም። ይሄን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ባለማየት። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ።»

ሰብሳቢው ቅጹን አየ። ቅጹ ላይ «ይሄ ነው» የሚለው አስቀድሞ ታትሟል፤ ከሥሩ የፊርማ መስመር ብቻ አለ። ለተናገረችው ነገር ቦታ እንደሌለው በሐዘኔታ ነገራት። ተርጓሚው ሁለቱንም ኪሱን ዳበሰ፤ ለዚህ የሚሆን መግቢያ አልነበረውም። እሷም ብዕሩን ተቀብላ ፈረመች፤ እነሱም ተራ በተራ ፈረሙ።

ኮሪደሩ ላይ ልጇ ከወንበሩ ተነሣች። እናቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ክንዷን ያዘቻት።

«አገኘሽው፣ እማዬ?»

«አጣሁት» አለች እትዬ። «አባቴን ዛሬ ነው ያጣሁት።»

ደረጃውን ተያይዘው ወረዱ። ግቢው ውስጥ ዘበኛው ያረጀውን ባንዲራ አውርዶ ከግምጃ ቤት የወጣ ሌላ ወይን ጠጅ ባንዲራ እየሰቀለ ነበር፤ እትዬ ሰቅሎ እስኪጨርስ ቆማ በሁለት ዓይኗ አየችው።